የወንጀል ልብ ወለድና «የሕዝብ ቤት»

የወንጀል ልብ ወለድ በብዙ ሐያስያን ዘንድ እንደ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ ሲቆጠር ኖሯል። የስካንዲኔቪያ የወንጀል ድርሰቶች ባሕር ተሻግረው የተወደዱበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው ግን ይህን ፍርድ እንደገና ለማጤን ይገደዳል።

የዚህ ፈር ቀዳጆች ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የተባሉ ስዊድናውያን የሕይወትና የብዕር ጓደኛሞች ናቸው። ማርክሳዊ አመለካከት የነበራቸው እነዚህ ደራስያን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ድረስ ዐሥር መጻሕፍት አከታትለው አሳተሙ፤ ለዐሥሩም «የአንድ ወንጀል ታሪክ» የሚል የጋራ ስያሜ ሰጡ። ለመሆኑ ወንጀሉ የማን ነው? በእነርሱ እምነት፣ ራሱን «የሕዝብ ቤት» ብሎ የሰየመው ሥርዓት ሠራተኛውን መደብ መክዳቱ ነው።

ይህን ሐሳብ ግን በስብከት አላቀረቡትም። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ«ሮዜአና»፣ የመርከብ መተላለፊያ ቦይ ሲጠረግ የአንዲት ሴት አስከሬን ይወጣል፤ ማንነቷን ለማወቅ እንኳ ወራት ይፈጃል። መርማሪው ማርቲን ቤክ የሚፎክር ጀግና አይደለም፤ ጤናው የሚታወክ፣ ትዳሩ የቀዘቀዘ፣ መዝገብ እያገላበጠ የስልክ ጥሪ የሚጠብቅ ደመወዝተኛ ነው። አንባቢ በዚህ ሰው ትዕግሥት ውስጥ የራሱን ድካም ያያል፤ ስለዚህም ያምነዋል። በ1968 በወጣው «ሳቂታው ፖሊስ» ደግሞ፣ ፖሊሶች የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ለመበተን ተሰማርተው ሳለ፣ በዚያው ምሽት የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በጥይት ይፈጃሉ። ደራስያኑ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋሉ።

ተከታዮቻቸውም ከዚሁ ምንጭ ቀድተዋል። ሄኒንግ ማንኬል ከ1991 ጀምሮ በመርማሪው ቫላንደር አማካይነት በስደተኞች ላይ የተነሣውን ጥላቻ ገለጠ። በ2004 የሞተው ስቲግ ላርሶን፣ በማግሥቱ ዓመት በታተመው መጽሐፉ፣ በሀብታም ቤቶች ውስጥ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ አጋለጠ።

የሾቫልና የቫሎ የመጨረሻ መጽሐፍ የአንድን ጠቅላይ ሚኒስትር መገደል ይተርካል። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1986 እ.ኤ.አ.፣ የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሎፍ ፓልሜ በስቶክሆልም ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። ይህን ትንቢት ብሎ መጥራት አይገባም፤ ሆኖም ጸጥተኛ በሚባል ኅብረተሰብ ውስጥ የሚብላላውን ቁጣ በጊዜው ያስተዋለ ዓይን እንደነበራቸው ይመሰክራል።

የእነዚህ ድርሰቶች ማራኪነት ከበረዶውና ከሬሳው የመጣ የሚመስለው ጸሐፊ ቢኖር፣ ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን ይጥላል። ገዳዩ ከተያዘ በኋላም አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ የሚያሰላስለው፣ ገዳዩን ያፈራው ኑሮ ገና ሳይለወጥ ስለሚቀር ነው።