በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ኅብረት፣ ማኅበራትና ክበባት፦ ምንነትና አሠራር

አዲስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በቤተ መጻሕፍት መግቢያ፣ በመመገቢያ አዳራሽ በርና በማደሪያ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ልዩ ልዩ የአባልነት ጥሪዎችን ያነባል። አንዱ ማስታወቂያ ደም ለጋሾችን ይጠራል፤ ሌላው ግጥም የሚጽፉ ተማሪዎችን ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ስለ ተወካዮች ምርጫ ያስታውቃል። ጥሪውን ያወጣው አካል ማን እንደሆነ፣ በማን ዕውቅና እንደሚሠራና አባል መሆን ምን መብትና ግዴታ እንደሚያስከትል ግን ከማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎችና ለወላጆች ይህንኑ ለማብራራት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለማሳያነት የተወሰደው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአሠራሩ መሠረታዊ ጉዳይ በሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ አንጋፋው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከመሆኑም በላይ ግቢዎቹ የተበታተኑ ናቸው። የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች በስድስት ኪሎው ዋና ግቢ ይማራሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ በአራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ በአምስት ኪሎ፣ ሕክምና በጥቁር አንበሳ፣ ሥነ ሕንፃ በልደታ፣ ንግድ ሥራ በሰንጋ ተራ፣ የእንስሳት ሕክምና ደግሞ ከከተማዋ ውጪ በቢሾፍቱ ይሰጣል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም የዩኒቨርሲቲው አካላት ናቸው። በዚህ ምክንያት አንድ ክበብ በአንዱ ግቢ ጠንካራ ሆኖ በሌላው ጨርሶ ላይኖር ይችላል። በቢሾፍቱ የሚማር ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ስድስት ኪሎ ለሚደረግ የቴአትር ልምምድ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ተማሪው መጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው በራሱ ግቢ ምን እንዳለ ነው።

ኅብረት፣ ማኅበርና ክበብ

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉም “ማኅበር” ቢባሉም፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኙት የተማሪዎች አደረጃጀቶች በባሕርያቸው ይለያያሉ። ልዩነቱን አለማወቅ ጉዳይን ወደማይመለከተው አካል ይዞ በመመላለስ ጊዜ ያስባክናል።

የተማሪዎች ኅብረት፣ ተማሪዎች በተለምዶ “ካውንስል” የሚሉት፣ የተማሪው ወካይ አካል ነው። ተማሪ ለኅብረቱ አባል ለመሆን በተለየ ሁኔታ አይመዘገብም፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በመሆኑ ብቻ ይወከላል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብትም አለው። ኅብረቱ የተማሪውን ድምፅ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ያቀርባል። የምግብ ጥራት፣ የማደሪያ ክፍል፣ የውኃ መቋረጥ፣ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት እና የዲሲፕሊን ጉዳዮች በብዛት ወደ ኅብረቱ የሚመጡ አቤቱታዎች ናቸው። ኅብረቱ ያቀርባል፣ ይከራከራል፣ ይከታተላል እንጂ የመወሰን ሥልጣኑ የአስተዳደሩ ነው። የውጤት ቅሬታ ደግሞ በቅድሚያ የሚቀርበው ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ ነው።

የሙያ ማኅበራት በአንድ የትምህርት ዘርፍ ያሉ ተማሪዎችን ያሰባስባሉ። የአንዳንዶቹ አደረጃጀት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አልፎ አገር አቀፍ ነው። የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ተማሪዎችን የሚያገናኝ ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን አባል ነው። የፋርማሲ ተማሪዎችም እንዲሁ አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው። እነዚህ ማኅበራት የልምድ ልውውጥ፣ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ያዘጋጃሉ።

ክበብ ከሁለቱም የተለየ ነው። ተማሪው በዝንባሌው የሚመርጠው፣ በፈቃዱ የሚገባበትና በፈቃዱ የሚወጣበት ስብስብ ነው። የትኛውንም ክበብ አለመቀላቀል በማደሪያ ድልድል፣ በውጤትም ሆነ በሌላ አገልግሎት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የለም። ለአዲስ ተማሪ “ይህን ክበብ ካልተመዘገብህ እንዲህ ያለ አገልግሎት አታገኝም” የሚል ሰው ካጋጠመው ንግግሩ መሠረት የሌለው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ጊዜያዊ ኮሚቴዎች አሉ። በጣም የታወቀው የተመራቂ ተማሪዎች ወይም “የጂሲ” ኮሚቴ ነው። መጽሔት ያሳትማል፣ የመሰነባበቻ ዝግጅት ያሰናዳል፣ ለዚህም ከተመራቂው መዋጮ ይሰበስባል። ዕድሜው አጭር፣ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ግን ቀላል ያልሆነ በመሆኑ ተመራቂዎች ደረሰኝ የመጠየቅና የሒሳብ ሪፖርት የመስማት ልማድ ቢያዳብሩ መልካም ነው።

የቀደመው ታሪክና የወላጆች ስጋት

ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኙ ብዙ ወላጆች “ከማኅበር ራቅ፣ ትምህርትህን ብቻ ተማር” የሚል ምክር ይሰጣሉ። ምክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር የተማሪው ማኅበራዊ ሕይወት በስፖርት፣ በክርክርና በኪነ ጥበብ ላይ ያተኮረ ነበር። የኮሌጅ ቀን በሚባለው ዓመታዊ በዓል ላይ የሚቀርበው የግጥም ውድድር ግን ቀስ በቀስ የማኅበራዊ ትችት መድረክ ሆነ፤ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. ያቀረበው “ደሃው ይናገራል” የተሰኘው ግጥም በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። በ1954 ዓ.ም. ተቋሙ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” የሚል መፈክር ይዘው አደባባይ ወጡ። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ በማግስቱም በስድስት ኪሎ ግቢ ለሐዘን የተሰበሰቡ ተማሪዎች ሕይወት ጠፋ። በቀጣዮቹ የአብዮት ዓመታት በርካታ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አጥተዋል። የዚያ ዘመን ወላጆችና ታላላቅ ወንድምና እኅቶች ያዩትን ለልጆቻቸው ማስተላለፋቸው የሚጠበቅ ነው።

ዛሬ በግቢዎቹ የሚገኙት ክበባት የሚመሩበት ማዕቀፍ ከዚያ ዘመን የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የተማሪዎችን መብትና ግዴታ በዝርዝር የያዙት የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና የየዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንቦች ናቸው። ወላጅ ልጁ የክበብ አባል መሆኑን ሲሰማ ሊጠይቅ የሚገባው ክበቡ በዩኒቨርሲቲው የተመዘገበና ዓላማው በጽሑፍ የተቀመጠ መሆኑን ነው።

የክበባቱ ዓይነቶች

በየግቢው ብዙ አባላትን ከሚያሰባስቡት ውስጥ የበጎ አድራጎትና የጤና ክበባት ይገኙበታል። የቀይ መስቀል ክበብ አባላት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከደም ባንክ አገልግሎት ጋር በመሆንም በግቢው ውስጥ የደም ልገሳ መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና የጤና መስፈርቱን የሚያሟላ ተማሪ በየ3 ወሩ ደም መለገስ ይችላል። በፈተና ሰሞን ምሳ ሳይበሉ ለመለገስ የሚሰለፉ ተማሪዎች ስለሚኖሩ፣ ከልገሳ በፊት በቂ ምግብና ፈሳሽ መውሰድ አስፈላጊ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በ1990ዎቹ በሁሉም ግቢዎች የተስፋፉት የፀረ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ክበባት ዛሬ በአብዛኛው የሥነ ተዋልዶ ጤናንና የአእምሮ ጤናን ጨምረው ይሠራሉ። የሥርዓተ ፆታ ክበባት ለሴት ተማሪዎች የምክርና የማጠናከሪያ ትምህርት ድጋፍ ይሰጣሉ። ከሩቅ አካባቢ መጥታ ማንንም የማታውቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስባት ቀድማ የምትናገረው ለጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሳይሆን ለአንዲት ታላቅ ተማሪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የክበቡ አባል ድርሻ ተማሪዋን ወደ ሕክምና፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ቢሮና ወደ ፖሊስ አብሮ ማድረስ ነው። ጉዳዩን በሽምግልና ለመጨረስ መሞከር የክበብ ሥራ አይደለም።

የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ክበባት በዩኒቨርሲቲው ረጅም ዕድሜ ያለውን የኪነ ጥበብ ልማድ ያስቀጥላሉ፤ አዳዲስ ጽሑፎች የሚነበቡባቸውና የሚተቹባቸው ምሽቶችን ያዘጋጃሉ። ለጀማሪ ጸሐፊ ከአንባቢ ፊት ቆሞ ሒስ መስማት ከየትኛውም ሥልጠና የማይተናነስ ጥቅም አለው። የሚኒ ሚዲያ አባላት በድምፅ ማጉያ ዜናና መዝናኛ ያቀርባሉ። የሕግ ተማሪዎች በምስለ ችሎት ውድድር ከሳሽና ተከሳሽን ወክለው ይከራከራሉ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን የሚያነቡና በድምፅ የሚቀዱ በጎ ፈቃደኞችም አሉ፤ ይህ አገልግሎት በተለይ የፈተና ወቅት ሲቃረብ አንባቢ እንደሚያጥረው የታወቀ ነው። የፀረ ሙስና፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሰብአዊ መብት፣ የሥራ ፈጠራና የስፖርት ክበባትም በየግቢው ይገኛሉ።

በክበብነት የማይመዘገቡ

የትምህርት ተቋማት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ መሆን ስላለባቸው የእምነት ጉባኤዎችና የፖለቲካ ድርጅት መዋቅሮች በዩኒቨርሲቲ ክበብነት አይመዘገቡም። ተማሪው ሃይማኖቱን የመከተል መብቱ የተጠበቀ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ግቢ ጉባኤያት፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓዎችና የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረቶች በየእምነታቸው ተቋማት ሥር የሚደራጁ ሲሆን፣ መርሐ ግብራቸውንም በአብዛኛው በግቢዎቹ አቅራቢያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ያካሂዳሉ።

የአንድ አካባቢ ልጆች ተሰባስበው እንግዳ ተማሪ መቀበላቸው፣ የታመመ መጠየቃቸውና የቸገረውን መደገፋቸው የቆየ የመረዳዳት ባህል ነው። ሆኖም ስብስቡ ተማሪን በማንነቱ ለይቶ የሚያገል፣ ስም ዝርዝር የሚይዝ ወይም በግጭት ጊዜ ወገን እንዲይዝ የሚያስገድድ ሲሆን የዲሲፕሊን ብሎም የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግፊት የደረሰበት ተማሪ ሳይዘገይ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ወይም ለግቢው ጥበቃና ደኅንነት ክፍል ማሳወቅ አለበት።

አባል ለመሆንና አዲስ ክበብ ለማቋቋም

አባል ለመሆን የታደሰ የተማሪ መታወቂያና የአባልነት ቅጽ በቂ ነው። ክበቡ መዋጮ የሚጠይቅ ከሆነ መጠኑ በመተዳደሪያ ደንቡ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ ተማሪውም ደረሰኝ ይቀበላል። ስሙን ብቻ እንጂ ሕጋዊነቱን የማያውቀው ስብስብ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በሞባይል ገንዘብ እንዲልክ ቢጠይቀው አለመላክ ይመረጣል።

አዲስ ክበብ ለማቋቋም የሚፈልጉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት የመሥራች አባላትን ስምና ፊርማ፣ ረቂቅ የመተዳደሪያ ደንብ፣ የዓመቱን የሥራ ዕቅድ እና አማካሪ ለመሆን የተስማማ መምህር ያረጋገጠውን ደብዳቤ ነው። ማመልከቻው ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ክበብ አስቀድሞ ካለ በዚያው እንዲጠቃለሉ ሊመለስ ስለሚችል፣ በቅድሚያ የተመዘገቡትን ክበባት ዝርዝር መመልከት ድካም ይቀንሳል። ብዙ ክበባት የሚዳከሙት በመሥራቾቻቸው ምርቃት ማግስት ነው። ስለሆነም በደንቡ ውስጥ የአመራር ምርጫ ከተመራቂዎቹ የመጨረሻ መንፈቅ ዓመት በፊት እንዲካሄድና የክበቡ ንብረትና ሰነድ በጽሑፍ እንዲረከብ መደንገግ ይመከራል።

አዳራሽ ለመጠቀም፣ ከውጭ እንግዳ ለመጋበዝና ከግቢ ውጪ ጉዞ ለማድረግ ክበቡ በአማካሪ መምህሩ በኩል አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የማመልከቻ ቅጾችና የተመዘገቡ ክበባት ዝርዝር በየግቢው በሚገኘው የተማሪዎች ዲን ወይም የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ይሰጣሉ። የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት መቅረብ ካልቻሉ የክፍል ተወካያቸውን በጽሑፍ ወክለው ማስፈጸም ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ።