የስእለት ማሊያ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ላንድ በተባለው አገር፣ ከላባስቲድ ዳርማኛክ መንደር ጥቂት ወጣ ብላ አንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ታሪኳ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጀምር የገጠር ጸሎት ቤት ናት። በአካባቢው እንዲህ ያለ ጸሎት ቤት ሞልቷል፤ በሯን አልፎ የገባ ሰው ግን ባለበት ቆም ይላል። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞላው የብስክሌተኞች ማሊያ ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሪ የሚለብሰው ቢጫው አለ፤ የተራራ ንጉሥ የሚለብሰው ባለ ቀይ ነጠብጣቡ አለ፤ የዓለም ሻምፒዮኑ ባለ ቀስተ ደመናም አለ። የመርክስ፣ የፑሊዶርና የሌሎች በመቶ የሚቆጠሩ ጋላቢዎች ላብ የጠጣ ጨርቅ በመስቀሉ ዙሪያ ተሰቅሏል። ስሟ ኖትር ዳም ዴ ሲክሊስት፣ የብስክሌተኞች እመቤት ነው።

ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ስእለቱ የሰመረለት ምእመን ጥላና መጋረጃ ተሸክሞ ወደ ደብሩ ሲሄድ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በካቶሊኩም ዓለም ያው ነው፤ ከማዕበል የተረፈ መርከበኛ የመርከቡን አምሳያ አሠርቶ በቤተ ክርስቲያን ያንጠለጥላል፤ ከበሽታ የዳነ ምርኩዙን ትቶ ይወጣል። ጋላቢ ደግሞ ያለው ማሊያው ነው።

ይህን ያሰቡት የአጥቢያው ቄስ አባ ጆዜፍ ማሲ ነበሩ፤ ብስክሌት ወዳድ ሰው ነበሩ። ጸሎት ቤቲቱ ሰው ጠፍቶባት፣ ዳዋ ሊውጣት ምንም አልቀራትም ነበር። በጣሊያን ከኮሞ ሐይቅ በላይ ባለው ተራራ የምትገኘውን የጊዛሎ እመቤት፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 (ዘመኑ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋት ነበር። ማሲም ለጣሊያን የተፈቀደ ለፈረንሳይ ለምን ይከለከላል ብለው ወደ ሮም ጻፉ። በግንቦት 1959 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲህ ጋላቢዎች ከየአገሩ በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ እየመጡ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ።

በመስኮቶቿ ባለ ቀለም መስታወት ላይ እጁን ካሳረፉት አንዱ ሄንሪ አንግላድ ነው። ሰውዬው ራሱ ጋላቢ ነበር፤ ያውም በዚያው በ1959 ቱር ደ ፍራንስን ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ። ያን ጊዜ ጋላቢዎች የሚሰለፉት በብሔራዊና በክፍለ አገር ቡድን ሲሆን አንግላድ የክፍለ አገር ልጅ ነበር። የብሔራዊው ቡድን ከዋክብት አንኬቲልና ሪቪዬር፣ አንግላድ ከሚያሸንፍ ስፔናዊው ባሃሞንቴስ ቢወስደው ይሻላል ብለው ዝም አሉ እየተባለ ይታማሉ። እኔ ሐሜቱን አምነዋለሁ። ፓሪስ ሲገቡ ሁለቱን ያፏጨባቸው ሕዝብም አምኖት ነበር።

ላባስቲድ ራሷ ከጸሎት ቤቷ ያላነሰ የምትታይ መንደር ናት። ነዋሪዋ አንድ ሺህ አይሞላም። የአርማኛኩ ባላባት ቤርናር 6ኛ በ1291 ነው የቆረቆራት። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ የፈረንሳይ ክፍል በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ አዳዲስ ከተሞች ተተክለዋል። አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው፤ መንገዶቻቸው ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ፤ መሐል ላይ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች የምድር ቤታቸው በአዕማድ ላይ የቆመ በረንዳ ነው፤ ገበያተኛው ዝናብ ሲመጣ እዚያ ይጠለላል። ባላባቶቹ ሰፋሪ የሚስቡት ቦታና መብት እየሰጡ ነበር፤ ገበሬው መሬት ያገኛል፤ እነሱ ግብር ይሰበስባሉ። ሄንሪ 4ኛ የፓሪሱን ንጉሣዊ አደባባይ ሲያሠራ የላባስቲድን አይቶ ነው የሚል ወሬ በመንደሩ ይወራል። መንደርተኛ ስለ መንደሩ ሲያወራ ትንሽ መጨመሩ አይቀርም።

ከዚሁ አደባባይ ሐምሌ 9 ቀን 1989 የቱር ደ ፍራንስ አንድ ቀን ውድድር ተነስቶ ወደ ፖ ከተማ ተጉዟል። በዕለቱ ቢጫውን ለብሶ የተነሳው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓሪስ ላይ ተፎካካሪውን ፊኞንን በ8 ሰከንድ ብቻ ቀደመው፤ በውድድሩ ታሪክ ከዚያ የጠበበ ልዩነት የለም።

በአርማኛክ ምድር ግን ሰው ሁሉ የሚያነሳው የሉዊስ ኦካኛን ስም ነው። በስፔን ኩዌንካ አውራጃ በ1945 የተወለደ የድኻ ልጅ ሲሆን ወላጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ይዘውት ተሰደዱ፤ ጋላቢ ከመሆኑ በፊት አናጺ ነበር። በ1971 መርክስ የማይደፈር በነበረበት ጊዜ፣ ሐምሌ 8 ቀን ወደ ኦርሲዬር መርሌት ተራራ ብቻውን አመለጠና መርክስን በ8 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ጥሎት ገባ። ቢጫውንም ለበሰ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ፒሬኔ ላይ፣ የማንቴን ተራራ ሲወርዱ ሰማዩ ተቀደደ። መንገዱ ወንዝ ሆነ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ መርክስ ወደቀ፤ ከኋላው የነበረው ኦካኛም እዚያው ወደቀ። መርክስ ተነስቶ ሄደ። ኦካኛ ቆሞ ጎማ ሲጠብቅ ከላይ የሚወርደው ሌላው ጋላቢ ዙተመልክ መቆም አቅቶት ገጨው። በሄሊኮፕተር ተጭኖ ሄደ፤ ቢጫውም በዚያው ቀረ። መርክስ በማግስቱ ያን ማሊያ አልለብስም አለ። የአደጋው መታሰቢያ ጽላት ዛሬም ከመንገዱ ዳር አለ፤ ቁልቁለቱን እየወረደ ቆሞ የሚያነበው ጋላቢ ብዙ ነው።

በ1973 ኦካኛ ቱሩን አሸነፈ። መርክስ ስላልተወዳደረ ነው የሚሉ አሉ፤ ተከታዩን ከ15 ደቂቃ በላይ ለቀደመ ሰው ግን ይህ ግፍ ይመስለኛል። ውድድር ሲተው የወይን እርሻ ገዝቶ የአካባቢውን አረቄ፣ አርማኛኩን፣ ማምረት ያዘ። ጋብቻውን የፈጸመው በብስክሌተኞች እመቤት ነበር፤ በግንቦት 1994 በ48 ዓመቱ ሲሞት ጸሎተ ፍትሐቱም የደረሰው እዚያው ነው።

ከላባስቲድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ጋላቢ ወይኑንና የበቆሎውን ማሳ ጨርሶ ከፒሬኔ ተራሮች ጋር ይፋጠጣል። ቱሩ እነዚህን ተራሮች የደፈረው በ1910 ነው። ሐሳቡን ያመጣው የሎቶ ጋዜጣ ባልደረባ አልፎንስ ስቴኔስ ሲሆን የጋዜጣው አለቃ ዴግራንዥ እብደት ነው ብሎት ነበር። ስቴኔስ ግን መንገዱን ሊያይ ሄደ፤ 2,115 ሜትር ከፍታ ባለው ቱርማሌ ላይ መኪናው በረዶ ውስጥ ቀረችበት፤ በጨለማ በእግሩ ሲዳክር አድሮ፣ ሊሞት ደርሶ፣ ሲነጋ መንገዱ መልካም ነው፣ ያሳልፋል ብሎ ቴሌግራም መታ። ከዚህ የበለጠ ቅጥፈት በስፖርት ታሪክ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በሐምሌ ጋላቢዎቹ ተራሮቹን ሲወጡ አሸናፊው ላፒዝ አዘጋጆቹን ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው።

ከቱርማሌ በስተምሥራቅ ሲወረድ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ትገኛለች። በ1913 ኤዤን ክሪስቶፍ በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚቆመው ሹካ ተሰበረበት። ሕጉ ከማንም እርዳታ መቀበልን ይከለክላል። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ መንደሯ ደረሰና አንድ ቀጥቃጭ ቤት ገባ። ቀጥቃጩ እጁን አጣምሮ ያያል፤ የውድድሩ ዳኞችም ቆመው ያያሉ፤ ክሪስቶፍ ብረቱን አግሎ በገዛ እጁ ቀጠቀጠው። ነገር ግን ሁለት እጅ ለመዶሻና ለብረት እንጂ ለወናፍ አይተርፍም። አንድ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ዳኞቹ ይህንን እርዳታ ብለው ቀጡት! አጠገቡ ቆመው ያዩ ሰዎች እንዴት ይህን ለመጻፍ እጃቸው እንደታዘዘላቸው አይገባኝም። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1919፣ በታሪክ የመጀመሪያውን ቢጫ ማሊያ የለበሰው ይኸው ክሪስቶፍ ነው፤ ያን ጊዜም መጨረሻው ሲቃረብ ሹካው ተሰበረ። ቀጥቃጭ ቤቱ በነበረበት ግድግዳ ላይ ዛሬ የመታሰቢያ ጽላት አለ። በ2016 በቱሩ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ክሪስቶፍ በእግሩ የወረደውን ያንኑ መንገድ ከቱርማሌ ወርዶ በዚያች መንደር አልፏል።

በእነዚህ መንደሮች መሐል የሚያልፍ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ደወል ቤቱ ላይ ነው፤ ቀጥሎ በ1914 ዘምተው ያልተመለሱት ስም የተቀረጸበት ሐውልት። ሁለቱ የሌሉበት መንደር ማግኘት ይቸግራል። ጦርነቱ ጋላቢዎቹንም አልማረም፤ ከቱሩ አሸናፊዎች ሦስቱ፣ ፋቤር በ1915፣ ያ ተሳዳቢው ላፒዝና ፔቲ ብረቶን በ1917 ሞተዋል። የአሮጌዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ባለቤት ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በ1905 መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በሕግ ሲለያዩ የመጣ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከንቲባው ቢሮ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይቀመጣል። መቃብሩ ግን ክፍት ነው። አበባ ለማጠጣት የተተከለ ቧንቧ ስላለበት፣ ሱቅ በሌለበት መንደር የውኃ ዕቃው የጎደለበት ጋላቢ በቀጥታ ወደ መቃብር ያመራል። ይህን የማያውቅ የፈረንሳይ ጋላቢ ያለ አይመስለኝም።

ውድድሩን በቴሌቪዥን የሚያየው ሰውም የእነዚህን መንደሮች ታሪክ ያገኛል። ለብዙ ዓመታት ዣን ፖል ኦሊቪዬ የተባለው ጋዜጠኛ ሄሊኮፕተሩ አንድ ቤተ መንግሥት ወይም ገዳም ባሳየ ቁጥር ማን አሠራው፣ ማን አፈረሰው፣ እያለ ይተርክ ነበር። ውድድሩ አሰልቺ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ያልዘጋው ስለ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሐምሌ 2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱሩ ሦስት የአንድ ቀን ውድድሮችን አሸነፈ፤ የመጀመሪያው ድል ጥቁር አፍሪካዊ በውድድሩ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ሆኖ ተመዘገበ። ሁለተኛው ጄኔራል ደጎል በኖረበትና በተቀበረበት በኮሎምቤ መንደር ነበር። ሦስተኛው፣ ሐምሌ 11 ቀን፣ በቪልነቭ ሱር ሎት። እሷም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሉዊ 9ኛ ወንድም አልፎንስ የቆረቆራት፣ አዕማድ ያለው አደባባይ ያላት፣ ከላባስቲድ በብስክሌት የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅ ከተማ ናት። በማግስቱ ቢንያም የነጥብ መሪ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ እንደ ለበሰ ጋላቢዎቹ ከአዣን ተነስተው ወደ ፖ፣ ወደ ፒሬኔ ግርጌ አቀኑ።