ከገንዘቡ በፊት ቅርጹ፦ የአሜሪካ የጥበብ ቡድኖችና የመንግሥት ድጋፍ

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1965 የፈረሙት ሕግ ብሔራዊ የጥበባት ፈንድን አቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያው ድጋፍ፣ 100,000 ዶላር፣ ለአሜሪካን ባሌ ቲያትር ተሰጠ። ስለ ፈንዱ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የበጀቱ መጠን ነው። በእኔ እምነት ግን ሥር የሰደደውን ለውጥ ያመጣው ብዙም ልብ የማይባል አንድ ድንጋጌ ነው፤ አንድ ቡድን ድጋፍ የሚያገኘው ከገቢው ምንም ድርሻ ለባለአክሲዮን ወይም ለግለሰብ ጥቅም የማይውል ከሆነና ለእሱ የሚሰጥ ልገሳ ከግብር የሚቀነስ ከሆነ ብቻ ነው ይላል።

ስለዚህ ጥበቡ ከመመዘኑ በፊት ሕጋዊ ቁመናው ይታያል። በጓደኝነት ተሰባስቦ ሳሎን ውስጥ የሚለማመድ የቲያትር ቡድን መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ቦርድ ማቋቋም አለበት። ዕድር ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጥን ያውቃል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የዕድር ዳኛ ከአባላቱ መካከል ይመረጣል፤ የአሜሪካው ቦርድ ግን ብዙ ጊዜ ከጥበቡ ውጭ ባሉ የገንዘብና የሕግ ሰዎች ይሞላል፣ ቡድኑን የመሠረተውን አርቲስት እስከ ማሰናበትም ሥልጣን አለው።

ሌላም ሸክም አለ። ፈንዱ በመርሕ ደረጃ ከወጪው ከግማሽ በላይ አይሸፍንም፤ ቀሪውን ቡድኑ ራሱ ያሰባስባል። ኢኮኖሚስቶቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድን የሙዚቃ ድርሰት ለመጫወት ዛሬም የሚያስፈልገው ያው የተጫዋች ቁጥርና ያው ጊዜ ነው፤ ደመወዝ ግን በሌላው ኢኮኖሚ ልክ ይጨምራል። ለትርፍ ያልቆመ መሆን ይህን ክፍተት ለልገሳ በር በመክፈት ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም። ልገሳውም ባለጸጋ ወዳጅ ወዳለበት ያጋድላል።

በ1971 የተጀመረው «ኤክስፓንሽን አርትስ» የተባለው መርሐ ግብር ይህን መድልዎ ለማረም ታስቦ ነበር። ገንዘቡን ያዞረው በጥቁሮች፣ በላቲኖችና በሌሎች ችላ በተባሉ ማኅበረሰቦች ሰፈር ወደሚሠሩ ቡድኖች ነው። ከፈንዱ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ልንማርበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ገና ለመቆም የሚውተረተሩትን እንደ ደካማ አልቆጠራቸውም።

ከ1990ዎቹ የፖለቲካ ውዝግብ በኋላ የፈንዱ በጀት ከ162 ሚሊዮን ወደ 99.5 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ ለግለሰብ አርቲስቶች በቀጥታ ይሰጥ የነበረው ድጋፍም፣ ከሥነ ጽሑፍና ከጥቂት የክብር ሽልማቶች በስተቀር፣ ቀረ። ብቻውን የሚሠራ ሰዓሊ ወይም ተወዛዋዥ ድርጅት ማቋቋም፣ አለዚያም በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር መጠለል ግድ ሆነበት።

በ2014 የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር ለማይበልጥ ትናንሽ ድርጅቶች ከግብር ነጻ የመሆን ዕውቅና የሚጠይቁበት አጭር የማመልከቻ ቅጽ አወጣ። ይህ እውነተኛ እርዳታ ነው። ሆኖም ሦስት ተከታታይ ዓመት ሪፖርት ያላቀረበ ድርጅት ዕውቅናው ወዲያውኑ ይሰረዛል፤ የመንግሥት ድጋፍ ደግሞ ባብዛኛው የሚውለው ለትርኢቱና ለፕሮጀክቱ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ቡድን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ መሸፈን ከአንድ ትርኢት ወጪ ይልቅ ዕድሜውን ያረዝምለታል።