የጸጥታው ግንብና የውሻ ፍርሃት

በቤተሰብ ምሽት ጫጫታ የሚርበተበተውን ቡችላ ለብቻው በር መዝጋት የተለመደ ነው። የኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። ሊቁ ውሾቹን ከድምፅና ከንዝረት ለመከለል በሴንት ፒተርስበርግ ግድግዳው የወፈረ «የጸጥታ ግንብ» አሠርቶ ነበር፤ ለእኛ ሙያ የሚያስቀና ሥራ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1924 (እ.ኤ.አ.) የኔቫ ወንዝ ሞልቶ የስሙ ለውጥ ገና ዓመት ያልሞላውን ሌኒንግራድን ሲያጥለቀልቅ፣ ውሾቹ ከመስጠም ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሻ የለመደውን ምላሽ አጣ፤ ምግብም እምቢ አለ። ተመራማሪው እንደ ወትሮው ከክፍሉ ውጭ ሳይሆን አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ምላሹ ተመለሰ፤ ሲወጣ ጠፋ። ለፈራ ቡችላ ከተዘጋ ክፍል ይልቅ የሚያውቀው ሰው እግር ሥር ይሻላል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ያ ውሻ ከዳነ በኋላ እንኳ በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ ቢያፈሱበት ፍርሃቱ እንደገና ተቀሰቀሰ።