ክሽፈት፤ ስለ ሞተር ሕመም የቃል ማብራሪያ

በአሶሳ ከተማም ሆነ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ በሚያወጡት መንገዶች ዳር፣ የአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ሞተሩ እየተንገጫገጨ ጉልበቱም እየተቆራረጠ ባስቸገረው ጊዜ ለመካኒኩ የሚነግረው ቃል አንድ ነው፤ «ሚስ ታደርጋለች» ይላል። ይህም ሚስፋየር ከሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርሶ የቀረ ነው። ባዕድ ስለ ሆነ ብቻ ልንነቅፈው አይገባንም፤ ካንዴላም፣ ቦቢናም፣ ማርሚታም ከጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ ቤተኛ ሆነዋልና። ነገር ግን ካንዴላ በእጅ የሚያዝ፣ በዓይን የሚታይ ዕቃ ስለ ሆነ ስሙ ከየትም ይምጣ ማንም በሌላ ዕቃ አይለውጠውም፤ ሚስ የተባለው ግን በተዘጋ ብረት ውስጥ የሚፈጸም ድርጊት እንጂ የሚዳሰስ አካል አይደለምና፣ ወሰኑ ስላልተከለለለት፣ ፍሪሲዮን ሲንሸራተትም ሚስ፣ ነዳጅ ሲያጥርም ሚስ፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ሲበጠስም ሚስ ይባላል። ስሙ ላልተለየ ሕመም ደግሞ መድኃኒቱ በግምት ይታዘዛል፤ በግምት የታዘዘው ዕቃም ብዙ ጊዜ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ነውና የስሕተቱ ዋጋ በባለቤቱ ላይ ይከብዳል።

ስለዚህ ለሚስፋየር «ክሽፈት» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። ቃሉ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ምላጭ ተስቦ፣ መርፌው ጥይቱን ወግቶ፣ ባሩዱ ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ «ጥይቱ ከሸፈ» ማለት የአማርኛ ነባር አነጋገር ነው። የእንግሊዝኛውም ቃል መኪና ሳይታሰብ አስቀድሞ ለጠመንጃ ይነገር ስለ ነበር ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ምሥጢር ይገናኛሉ። እንግዲህ ክሽፈት ማለት በሲሊንደር ውስጥ ሊቃጠል የገባው የነፋስና የነዳጅ ቅልቅል በተወሰነለት ቅጽበት ሳይቀጣጠል፣ ወይም ተቀጣጥሎ በወጉ ሳይነድ መቅረቱ ነው፤ ከዚህ ውጪ የሆነ መንገጫገጭ ሁሉ ሌላ ስም ይፈለግለት እንጂ ክሽፈት አይባልም። ሳያቋርጥ በአንድ ሲሊንደር ላይ ቢጸና ጽኑ ክሽፈት፣ መጥቶ የሚሄድ ቢሆን ተመላላሽ ክሽፈት እንለዋለን፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይልቁን ሁለተኛው ነው።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ተገኘ ያስተምራሉ። የቤንዚን ሞተርን ሕያው የሚያደርጉት ግን ሁለቱ፣ እሳትና ነፋስ፣ ከነዳጁ ጋር በልክና በጊዜ ሲስማሙ ነው፤ ሁለቱ የቀሩት፣ ውኃና መሬት፣ ማለት እርጥበትና አቧራ፣ ወደማይገባቸው ስፍራ በገቡ ጊዜ ጠላቶቹ ይሆናሉ። ሲሊንደሩ ቅልቅሉን ይስባል፣ ያምቃል፣ በካንዴላው ፍንጣሪ አቃጥሎ ኃይል ያወጣል፣ ጭሱንም ያስወጣል። ለአንድ ክፍል ቤንዚን በክብደት 14.7 ክፍል ያህል ነፋስ ያስፈልገዋል፤ ፍንጣሪውም በታመቀው ቅልቅል መካከል እንዲዘል የባትሪው 12 ቮልት በቦቢናው አማካይነት ወደ ብዙ ሺህ፣ እስከ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ማደግ አለበት። 22አር የሚባለው የአሮጌው ሀይሉክስ የቤንዚን ሞተር 4 ሲሊንደር አለው፤ በሚኒሞ፣ ማለት የነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ሳለ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ጊዜ፣ አራቱ ባንድነት 1,600 ጊዜ ያቃጥላሉ፤ ተራቸውም 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ከነዚህ ጥቂቶቹ ቢጎድሉ እንኳ ጆሮ ይሰማዋል፣ የጋቢናው ወንበርም ይነግራል።

ተመላላሹ ክሽፈት ከጽኑው ይልቅ የሚያደክመው በምርመራ ሰዓት ስለሚሰወር ነው። ወባ በሚበዛበት ቆላ የኖረ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ትኩሳት ሲያንዘፈዝፈው ያደረ ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደ ጤነኛ ይቀመጣልና። መኪናይቱም በመንገድ ስትንተፋተፍ ውላ በጋራዡ በር ስትደርስ ድምፅዋ ይስተካከላል። ስለዚህ ምርመራው ከመፍቻ በፊት በጥያቄ ሊጀመር ይገባዋል፤ የጥያቄውም ራስ «መቼ?» የሚለው ነው።

የአሶሳ ዝናብ በግንቦት በርትቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ወራት ጧት ጧት የሚነሣ፣ ሞተሩ ሲሞቅም የሚጠፋ ክሽፈት ቢኖር፣ ፍንጣሪውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው በስፒንትሮጅኑ ክዳን ውስጥ ጤዛ የቋጠረ ወይም በካንዴላ ገመድ ስንጥቅ ውስጥ እርጥበት የገባ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከአሶሳ ከፍታ ወደ ኩርሙክ ሙቀት ወርዶ፣ ሞተሩ እጅግ ከጋለ በኋላ የሚነሣና ቆሞ ሲበርድ የሚለቅ ቢሆን ግን፣ አንድም ቦቢናው ሲግል ውስጡ እየተቋረጠ ነው፣ አንድም ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ዳገት ላይ ብቻ፣ ወይም ነዳጁ ሲጎድል ብቻ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከማደያ ርቆ በበርሜልና በጀሪካን የሰነበተ ቤንዚን ዝገትም ውኃም ሊይዝ ይችላል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታንኩ ግርጌ ተኝቶ ይቆይና፣ መኪናይቱ ስታዘነብል ወይም ቤንዚኑ ሲሳሳ ወደ መምጠጫው ቱቦ ይደርሳል። ይህን ለማወቅ ከታንኩ ግርጌ በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ይበቃል፤ ውኃ ካለ ከሥር ለብቻው ተለይቶ ወለል ብሎ ይታያል። ለዚህ ምርመራ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ሆኖም ጠርሙሱ ሳይቆም ካርቡራተር የሚፈታበት ጊዜ እጅግ ብዙ መሆኑ ያሳዝናል።

የሚከተለው ጥያቄ «የትኛው ሲሊንደር?» ነው። ክሽፈቱ በተነሣበት ሰዓት ሞተሩን በሚኒሞ አድርጎ፣ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ የካንዴላዎቹን ገመዶች በየተራ ለቅጽበት እየነቀሉ መመለስ ነው፤ ሲነቀል ሞተሩን ይበልጥ ያንቀጠቀጠው ሲሊንደር ሥራውን ሲሠራ የነበረ ነው፣ ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው ግን የከሸፈው እርሱ ነው። ነዘሩ ብርቱ ስለ ሆነ ባዶ እጅ አይቅረብ፤ ገመዱም ተነቅሎ አይቆይ፣ ቦቢናን ይጎዳልና። ገመዶቹን ለመመርመር ደግሞ ከጨለማ የሚሻል መሣሪያ የለም። በምሽት መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሲሠራ ያረጀው ገመድ ከብረቱ በሚቀራረብበት ስፍራ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ እየወጣ ሲያፈስ በግልጥ ይታያል፤ ውኃ በጥቂቱ እፍ ቢሉበት ብልጭታው ይበዛል።

ከዚያ በኋላ የከሸፈው ሲሊንደር ካንዴላ ይፈታና በእጅ ተይዞ ይነበባል። የአፍንጫው ነጭ ሸክላ እንደ ቡና ገለባ ወደ ቡኒ የወዛ ከሆነ ሲሊንደሩ በደኅና ሲያቃጥል የኖረ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ቢለብስ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ምናልባት የነፋስ ማጣሪያው በመንገዱ ቀይ አቧራ ታፍኗል። ዘይት ቢያብረቀርቅበት የፒስተኑ ቀለበት ወይም የቫልቩ ጎማ አርጅቷል። እጅግ ቢነጣ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ያልተለካ ነፋስ እያስገባ ይሆናል። የጫፎቹም ክፍተት ይለካ፤ ለተጠቀሰው ሞተር 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ በእርጅና ሲሰፋም ፍንጣሪው መዝለል ያቅተዋል።

እነሆ የምርመራው ዋና ነገር፤ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለውን ዕቃ ማዘዋወር። የከሸፈው ሲሊንደር ካንዴላ ወደ ጤነኛው፣ የጤነኛው ወደ ከሸፈው ይዛወርና ክሽፈቱ እስኪመለስ ይጠበቃል። ክሽፈቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ገመዱ እንዲሁ ይዛወራል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይለወጥ፤ ካንዴላውንም፣ ገመዱንም፣ ክዳኑንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናይቱ ብትድን እንኳ ምክንያተ ሕመሙን ሳያውቅ ይቀራል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በተመላላሹ ክሽፈት ላይም ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ሳያስፈልግ ከተገዛ ቦቢና ይረክሳል።

ሁሉም ተዛውሮ ክሽፈቱ ያንኑ ሲሊንደር ካልለቀቀ፣ ጉድለቱ በእሳቱ ሳይሆን በመታመቁ ላይ መሆኑ ይገመታልና የእመቃ መለኪያ ይገባለታል፤ የቫልቩ ክፍተትም ይስተካከላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ባንድነት ቢደክሙ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሲሊንደሮቹ ክዳን ማሸጊያ፣ መቃጠሉ ይጠረጠራል። የናፍታ ሞተር ካንዴላና ቦቢና ስለሌለው ምርመራው ወደ ኖዝሉና ወደ ነዳጁ መስመር ይዞራል፤ ክሽፈት የሚለው ስም ግን ለእርሱም ያገለግላል።

ተመላላሽ ነው ብሎ ቸል ማለት አይገባም፤ ያልነደደ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ብረቱም ያለ ቅባት ይፋጫል። አንባቢ ሆይ፣ መኪናህን ለመካኒክ በምታስረክብበት ቀን «ሚስ ታደርጋለች» ብለህ ብቻ አትሂድ፤ ክሽፈቱ ጧት ወይስ ማታ፣ በዝናብ ወይስ በፀሐይ፣ በዳገት ወይስ በሜዳ፣ ታንኩ ሞልቶ ወይስ ጎድሎ እንደ ተነሣ በወረቀት ጽፈህ ስጠው። አንተም መካኒክ ሆይ፣ የከሸፈውን ሲሊንደር ቁጥርና ያዛወርከውን ዕቃ ከሥሩ ጻፍበትና ለባለቤቱ መልስለት።