«መሬት ላራሹ»፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄና የ10 ዓመት ጉዞው

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰልፈው ወደ ፓርላማ በመሄድ «መሬት ላራሹ» እያሉ ጮኹ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. ደግሞ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው ዐዋጅ ታወጀ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ 10 ዓመት ከ7 ቀን ነው። አንድ የተማሪዎች መፈክር በዚህ ባጭር ጊዜ ውስጥ የመንግሥት ሕግ ለመሆን መብቃቱ በታሪክ እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያነሡት ወጣቶችና መልሱን የሰጡት ሰዎች አንድ አልነበሩም፤ ስሙ ዘወትር ሲጠራ የኖረው አራሽም ከሁለቱ ወገን በማናቸውም ሸንጎ ገብቶ አልተጠየቀም። ይህ እንዴት እንደ ሆነ መመርመር ለትምህርት ሰዎች የሚጠቅም ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ሲከፈት የተጣለበት ተስፋ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተማሩ ሠራተኞችን ማውጣት ነበረ። ተማሪው በመንግሥት ወጪ እየበላና እያደረ ይማር ስለ ነበረ፥ ከገበሬው ይልቅ ለቤተ መንግሥቱ የቀረበ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ሁኔታ የለወጡት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከ1951 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ ከኬንያ፥ ከታንጋኒካ፥ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡት ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች በቅኝ አገዛዝ ሥር አድገው ስለ ፖለቲካ በግልጽ መከራከርን የለመዱ ስለ ሆኑ፥ በነፃነቷ የምትኮራው አገር ልጆች ዝም ማለታቸው ያስገርማቸው ነበር። ሁለተኛው በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። ሙከራው ቢከሽፍም ተማሪዎቹ ለድጋፍ በአደባባይ ተሰልፈው ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ የፖለቲካ ነገር ከግቢው አልወጣም። በ1954 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ፥ ስድስት ኪሎ የትምህርትም የክርክርም ስፍራ ሆነ።

በዚያ ዘመን ከሕዝቡ የሚበዛው በእርሻ የሚኖር ነበረ። በሰሜን ጠቅላይ ግዛቶች አብዛኛው አራሽ በትውልዱ የርስት ድርሻ ሲኖረው፥ በደቡብ ግን ብዙው የባለርስት ጭሰኛ ነበረ። ጭሰኛው ካመረተው እህል እንደ አገሩ ልማድ እኩሌታውን፥ ሲሶውን ወይም ርቦውን ለባለመሬቱ ያገባል፤ ባለመሬቱ ሊከፍለው የሚገባው ዐሥራትም ብዙውን ጊዜ በጭሰኛው ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር። ውሉ በአብዛኛው የቃል እንጂ የጽሕፈት ስላልነበረ፥ ባለመሬቱ ልቀቅ ባለው ጊዜ ልጆቹን ይዞ ከመሄድ በቀር የሚሟገትበት ሰነድ አልነበረውም።

ተማሪዎቹ የተነሡት እንግዲህ ስለ ጭሰኝነት የሚወስን የሕግ ረቂቅ በፓርላማ በሚመከርበት ጊዜ ነበረ። ከኋላቸው ሆነው ነገሩን ካቀጣጠሉት መካከል «አዞዎቹ» እየተባሉ የሚጠሩ ጥቂት የግራ አስተሳሰብ ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ ቀደም የተማሪው አቤቱታ በአመዛኙ ስለ ኑሮውና ስለ ማኅበሩ ነፃነት ነበረ፤ በዚያ ቀን ግን ለራሱ ምንም ሳይጠይቅ ለሌላ ሰው ጠየቀ። የሰልፉ ክብር በዚህ ላይ ነው። በምክር ቤቱ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ባለርስቶች ነበሩና፥ ቃሉ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ለማንም አልተሰወረም። ከሰልፉ በኋላ አንዳንድ መሪዎች ከትምህርታቸው ታገዱ፤ የጭሰኝነቱም ሕግ እየተነሣና እየተጣለ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

በዚያው በ1957 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። በደንቡ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ ማገልገል ነበረበት፤ የሚበዙትም በመምህርነት ተመደቡ። ይህ ሥርዓት በአንድ በኩል የመምህራንን እጥረት አቃለለ፤ በሌላ በኩል ግን ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። ስለ ጭሰኛ በስድስት ኪሎ የተከራከረው ወጣት የጭሰኛውን ልጅ በክፍሉ ውስጥ አገኘው፤ ልጁም ከእንግዳው መምህር ከሒሳብና ከጂኦግራፊ ጋር ሌላ ነገር ተማረ። በ1961 ዓ. ም. የተማሪዎች ዐመፅ በየአውራጃው ወደሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተዛመተ ጊዜ ዘሩ ቀደም ብሎ ተዘርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተማሪው አነጋገር እየበረታ ሄደ። በ1958 ዓ. ም. ለማኞች ተሰብስበው ስለ ተያዙበት ስለ ሾላ ካምፕ «ድህነት ወንጀል ነውን?» እያሉ ተሰለፉ። የማርክስና የሌኒን፥ የማኦና የፋኖን ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ጀመር። በኅዳር 1962 ዓ. ም. ዋለልኝ መኮንን «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ባወጣው ጽሑፍ ሌላ ከባድ ክርክር ከፈተ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ. ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩሰው ሌሎችም ተገደሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ብዙ ወጣቶች በልመናና በሰልፍ የሚገኝ ነገር የለም ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። በውጭ አገር የሚማሩትም በ1960 ዓ. ም. መኢሶንን፥ በ1964 ዓ. ም. ደግሞ በኋላ ኢሕአፓ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ።

በዚህ ሁሉ መካከል ገበሬው ራሱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የባሌ ገበሬዎች ከ1955 ዓ. ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከመንግሥት ጋር ተዋግተዋል። በ1960 ዓ. ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬዎች ተቃውመው ተነሡ፤ መሬታችን ከተለካ ርስታችን ይወሰዳል ብለው ሰግተው ነበርና። ይህ ነገር በጥሞና ሊታሰብበት ይገባ ነበር። «መሬት ላራሹ» ለሲዳሞ ጭሰኛ ከባለመሬት መላቀቅ ማለት ሲሆን፥ ለጎጃም ባለርስት ግን አባቱ ያወረሰውን ማንም እንዳይነካበት ማለት ነው። ሁለቱም አራሾች ነበሩ። በመፈክር ውስጥ ግን ለሁለቱ የሚሆን ስፍራ አልነበረም፤ በተማሪዎቹ ክርክርም ከመጽሐፍ የተጠቀሰው ቃል ከገበሬው ቃል ይልቅ ይሰማ ነበር።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ. ም. መምህራን ስለ ደመወዛቸውና «ሴክተር ሪቪው» ስለ ተባለው የትምህርት ዕቅድ ሥራ አቆሙ። ዕቅዱ የድኻውን ልጅ ከዝቅተኛ ክፍል እንዳያልፍ ያስቀረዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የታክሲ ነጂዎችም፥ ወታደሮችም፥ ተማሪዎችም በየበኩላቸው ተነሡ። ሥልጣኑን ጠቅልሎ የያዘው ግን የተደራጀና የታጠቀ ሌላ ወገን ነበረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ደርግም መንግሥት ሆነ። በታኅሣሥ ወር 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር እንዲሄዱ ታዘዘ፤ በየካቲትም የመሬቱ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ፥ መሬትም እንዳይሸጥ፥ እንዳይለወጥና በመያዣ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በ20 ጋሻ መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። የደቡቡ ጭሰኛ ከባለመሬት ደጅ ነፃ ወጣ፤ ይህንንም ታላቅ ነገር የታሪክ ሰው ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን አራሹ የመሬቱ ተጠቃሚ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ዘግየት ብሎም ምርቱን በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያቀርብ ተገደደ።

ጥያቄውን ያነሡት ወጣቶች ፍጻሜ ከዚህ የመረረ ነው። መኢሶን ደርግን እየነቀፈ መደገፍን ሲመርጥ፥ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። በአንድ መማሪያ ክፍል የተቀመጡ፥ አንድ መጽሐፍ የተዋሱ ጓደኞች በ1969 ዓ. ም. እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ ደርግም በቀይ ሽብር በመጀመሪያ አንደኛውን፥ ቀጥሎ ሁለተኛውን አጠፋ። ከሞቱት መካከል በየትምህርት ቤቱ የነበሩ ተማሪዎችና መምህራን ብዙዎች ነበሩ። የመሬት ነገር ግን አሁንም አልተዘጋም። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም ይላል፤ በዚህም ላይ የሚደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

የየካቲት 18ቱ ወጣቶች ጥያቄ ትክክል ነበረ፤ ድፍረታቸውም የተመሰገነ ነው። የጎደላቸው ነገር ቢኖር ስለ አራሹ የሚናገሩትን ያህል አራሹን አለመስማታቸው፥ ከመካከላቸውም የተለየ አሳብ ያለውን እንደ ጠላት መቁጠራቸው ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት በዚህ ላይ ይፈጸማል። ወጣቱን ከመጠየቅ የሚከለክል መምህር ሥራውን አልሠራም፤ መጠየቅን ብቻ አስተምሮ ማድመጥን ያላስተማረውም ግማሹን ብቻ ሠርቷል። ያ ትውልድ በመከራ የተማረውን ሁለተኛውን ግማሽ የሚቀጥለው ትውልድ በመማሪያ ክፍል ተቀምጦ ሊማረው ይገባል።