ዕዳ የሌለባት ተማሪ

ዛሬ የማጫውታችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሌጅ ስለገባች አንዲት የባንክ ልጅ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ የምትኖሩ ግን የምታውቋት ሊመስላችሁ ይችላል፤ እንደሷ ያለ ሰው እዚያ ሰፈር በየሕንፃው አይጠፋም።

አዲስ አበባ ሳለች የአንድ የግል ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበረች። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጣቷን ነካ እያደረገች የመቶ ብር ኖት ትቆጥርና በላስቲክ ታስራለች፤ ደንበኛው ቼኩ ላይ ፈርሞ ቀና ሳይል እሷ ጨርሳ ትጠብቀዋለች። እንዲህ እያለች ዲቪ ደረሳት።

አሜሪካ የባንክ ልምዷን አልጠየቃትም። የተቀበላት ፓርኪንግ ጋራዥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ክፍል ተቀምጣ ትኬት መቀበል። መማር እፈልጋለሁ ስትል ደግሞ ዘመድ አዝማዱ በአንድ አፍ «ነርሲንግ ግቢ!» አላት። ነርሲንግ ሥራ አያሳጣም፣ ነርሲንግ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ የእንትና ልጅ በነርሲንግ ቤት ገዛች። ምክሩ ክፋት የለበትም፣ እውነትም ነው። እሷ ግን ደም ስታይ የምታዞራት ሴት ናት። «እኔ የማውቀው ብር ነው» አለችና ኖቫ ገባች።

ኖቫ የምንለው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅን ነው። አሌክሳንድሪያ ያለው ግቢው ለሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲባል ከንፈሩን የሚመጥ ሐበሻ አለ፤ «ዩኒቨርሲቲ አልቀበል ብሎሽ ነው?» ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ሒሳብ አስብ እለዋለሁ፤ ሒሳቡን አስቦ አያውቅማ! የሁለት ዓመቱን ትምህርት በርካሽ ጨርሰህ፣ ነጥብህን ይዘህ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትሻገራለህ። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «አድቫንስ» የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ ተማሪው ገና ኖቫ እያለ የሜሰንን መንገድ ይዞ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ነው፦ ቨርጂኒያ አንድ ዓመት መኖርህን ካላስመሰከርክ የምትከፍለው የክፍለ ሀገሩ ሰው ከሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ነው። የኛዋ ልጅ ይህን ስለሰማች ዓመቱ እስኪሞላ በትዕግሥት ጠበቀች።

በዚያ ዓመት ውስጥ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። ቤት ልትከራይ ሄደች። የቤቱ ወኪል ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «ክሬዲት የለሽም» አላት። ደስ አላት። «አዎ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም» አለች፣ በኩራት። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ።

እኛ አገር ዕዳ የሌለበት ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ባንክ ብድር ስትጠይቅም አብዛኛውን ጊዜ ቤትህን ወይም መኪናህን በመያዣነት ታቀርባለህ። አሜሪካ ግን ተበድረህ የከፈልክበት መዝገብ ከሌለህ እንዳልተወለድክ ያህል ነው። ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ 35 ከመቶው የሚለካው ዕዳህን በሰዓቱ መክፈልህን ነው። ደመወዝህም፣ በባንክ ያለህ ተቀማጭም ነጥቡ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ምን አደረገች? ባንክ ሄዳ 300 ዶላር አስያዘችና 300 ዶላር የሚያበድር ካርድ ወሰደች። በካርዱ ሽንኩርትና ዘይት ትገዛለች፣ በወሩ መጨረሻ ትከፍላለች። የራሷን ገንዘብ አስይዛ የራሷን ገንዘብ ተበደረች ማለት ነው። ለእናቷ በስልክ ስታስረዳ እናቷ «ልጄ፣ ደህና ነሽ ግን?» አሏት።

ዓመቱ ሞላ፣ ትምህርቱ ተጀመረ። አካውንቲንግ ክፍል ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንግሊዝኛዬ ይሳቅብኛል ብላ አፏን ዘግታለች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትልቅ የ«ቲ» ቅርጽ ሣለ፤ በግራ ሀብት፣ በቀኝ ዕዳ። «ይህ የባንኩ መዝገብ ነው። አንድ ደንበኛ መጥቶ 1,000 ዶላር አስቀመጠ። በየት በኩል ልጻፈው?» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በግራ!» አለ። ገንዘብ ገባ፣ ሀብት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ልጅቷ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «በሁለቱም» አለች። «ጥሬ ገንዘቡ በግራ፣ የሰውየው ተቀማጭ በቀኝ። ባንኩ የሰውየው ባለዕዳ ነው።»

መምህሩ ጠመኔውን አቀብሏት «ነይ ጻፊው» አላት። ጻፈችው። ያኔ ከመካከል አንድ ጣራ ሠሪ የኤል ሳልቫዶር ልጅ፣ ቦት ጫማው ላይ ሬንጅ የደረቀበት፣ እጁን አወጣ። «ባለዕዳው ባንኩ ከሆነ፣ ስኮር የምጠየቀው እኔ ለምንድን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የዚያን ዓመት ምርጥ ጥያቄ እሱ ነው እላለሁ፤ መምህሩም ሳይመስለው አልቀረም፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ለሱ ሰጠው። ባንክም ይጠየቃል አለ። ተቆጣጣሪ አለበት፣ ከራሱ ኪስ የሚያዋጣው ካፒታል አለበት። ብዙ ባንኮች ወድቀው የሕዝብ ገንዘብ ከቀለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቀማጭ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስ ነው። ሲሊከን ቫሊ ባንክንም አነሣ። ባንኩ የሰዉን ተቀማጭ የረጅም ጊዜ ቦንድ ገዛበት፤ የወለድ መጠን ሲወጣ የቦንዱ ዋጋ ወረደ። ደንበኞቹ ደግሞ አብዛኛው ገንዘባቸው ከመድኑ ጣሪያ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2023 ወሬው ሲሰማ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ሊወጣ ተጠየቀ፣ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ልጅቷን ያስደነቃት ብዛቱ ብቻ አልነበረም። እሷ ባንክ ሲጨነቅ የምታውቀው ባንኮኒው ፊት በሚረዝመው ሰልፍ ነው፤ እነዚህ ግን ከተቀመጡበት በስልክ ነው ያወጡት።

ፋይናንስ ላይ ስትደርስ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ የሚባለው ምዕራፍ መጣ፤ የዛሬ ዶላር ከከርሞ ዶላር ይበልጣል የሚለው። ሌላው ተማሪ ቀመሩን ሲሸመድድ እሷ ሳቋ መጣ። ዕቁብ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ ይጠፋዋል? አሥር ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ያዋጣሉ፤ መጀመሪያ የደረሰው 5,000 አፍሶ ያለ ወለድ ተበዳሪ ይሆናል፣ መጨረሻ የሚደርሰው ያለ ወለድ ሲያበድር ይከርማል። ይህን ስትነግራቸው መምህሩ «የመጀመሪያው ይዞ ቢጠፋስ?» አላት። «ዋስ ሳይጠራ አይወስድም» አለች። «ደግሞስ የት ይጠፋል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን!»

ያን ሰሞን የራሷ ዕቁብ ዕጣ ወጣ። ስምንተኛ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ደግሞ ደርሷል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት አንድ የኡበር ሹፌር ነው፤ ለጊዜው ገንዘቡን አይፈልገውም። ማታ ደብተሯን ዘርግታ አሰላች። 5,000 ዶላር በክሬዲት ካርድ፣ በዓመት 24 ከመቶ ወለድ፣ ለሰባት ወር ብትወስድ ወለዱ ብቻ 700 ዶላር ነው። ሹፌሩን «ተራ እንቀያየር፣ 150 ዶላር እሰጥሃለሁ» አለችው። ሰውየው ሳያቅማማ እሺ አለ።

የዕቁቡ ዳኛ ግን ተቆጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ይገባቸዋል። «ይቺ 150 ምንድን ናት? ወለድ ከሆነች እዚህ ቤት ወለድ የለም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ወለድ ነው፣ የሻይ ናት» አለች።

ዳኛው በመነጽራቸው ሥር ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው «የሻይ ብለህ ጻፍ» አሉት።